ክራሬን ቃኝቼ ስጨርስ «ሚ» ከ«ዶ» ጋር ለምን ይጣላል?

ክራር_ከሽምብጥ | ማክሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ክራር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይሄ ጥያቄ ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ያለኝ ባለ አምስት ክር ክራር ነው። ትዝታ ስቃኝ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) አልጠቀምም፤ መምህሬ በጆሮ ነው ያስተማረኝ። መጀመሪያ ዶን እይዛለሁ። ከዶ ወጥቼ ሶልን አገኛለሁ። ከሶል ወርጄ ሬን። ከሬ ወጥቼ ላን። ከላ ወርጄ ሚን። ሁለት ሁለቱን አብሬ እየመታሁ፣ ድምፁ ረግቶ አንድ ክር ብቻ የተመታ እስኪመስል አጠብቃለሁ ወይም አላላለሁ። አራቱም ጥንድ ጥርት ብሎ ይገባል። እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ከዚያ ዶንና ሚን አብሬ ስመታ ይንቀጠቀጣል። ሚን ትንሽ ሳላላው ከዶ ጋር ያምራል፤ ግን ያኔ ከላ ጋር ይጣላል። ላን ሳወርደው ከሬ ጋር ይጣላል። ሬን ሳወርደው ከሶል ጋር። ዞሬ ዞሬ እዚያው።

ክሮቹን ቀየርኩ። ቆዳው በሐይቁ እርጥበት ላልቶ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ላይ አቆየሁት። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ፈትሼ አጠበቅኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የባህል ምሽት ላይ ሚን እንደወደድኩት ዝቅ አድርጌ ከኪቦርድ ጋር ተጫወትኩ። ኪቦርዲስቱ ሰው ፊት «ክራርህን ቃኘው እንጂ» አለኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ የቃኘሁት ክራር ነው።

ጆሮዬ ነው? ክራሩ ነው? ወይስ የማላውቀው ነገር አለ?

ኪቦርድ_14 | ማክሰኞ ማታ 2፡51

ወንድሜ፣ በሰው ፊት መባሉ ልክ አይደለም። ግን ምክሬን ስማኝ፣ ቱነር ተጠቀም። የስልክ አፕ በነፃ አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አቁም። ኪቦርድ ፋብሪካ ላይ ተቃኝቶ የመጣ ነው፣ አይሳሳትም። ከኪቦርድ ጋር የሚጫወት ሁሉ ወደ እሱ መምጣት አለበት። ጆሮ ይደክማል። ከቀን ሙሉ ሥራ በኋላ ማታ የምትሰማው ጠዋት ከምትሰማው ይለያል።

መሰንቆ_በጎጃም | ማክሰኞ ማታ 3፡10

@ኪቦርድ_14 በዚህ አልስማማም። ልጁ ጆሮዬ ደከመ አላለም። አራቱ ጥንድ ልክ ሆኖ አምስተኛው እንቢ አለኝ ነው ያለው። ጆሮው የደከመ ሰው አራቱንም ይስታል።

እኔ አንድ ክር ነው ያለኝ፤ ጣቴን የማሳርፍበትን እኔ እመርጣለሁ። ለብቻዬ ስጫወት ሚን የምይዝበት ቦታና ከኪቦርድ ጋር ስጫወት የምይዝበት ቦታ አንድ አይደለም። ጣቴ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የፊዚክስ_መምህር | ማክሰኞ ማታ 4፡05

@ክራር_ከሽምብጥ ጆሮህ ጤነኛ ነው። ክራርህም ጤነኛ ነው። የገጠመህ ነገር ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው፣ ስምም አለው። ሲንቶኒክ ኮማ ይባላል። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ መንቀጥቀጡ። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ሁለት ሞተር ጀልባዎች ጎን ለጎን ሲነሱ ሰምተህ ታውቃለህ? ሞተሮቹ እኩል ሊሽከረከሩ ትንሽ ሲቀራቸው ድምፃቸው ዉ... ዉ... ዉ... እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። እየተቀራረቡ ሲሄዱ ዉታው ይዘገያል። እኩል ሲሆኑ ይጠፋል። ክርህ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንድ ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አይወጣም። ሁለት እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ፣ አምስት እጥፉ ሳሳ ብለው አብረው ይወጣሉ። ጆሮህ «ገባ» የሚለው የአንዱ ክር እጥፍ ከሌላው ክር እጥፍ ጋር ሲገጥም ነው።

አሁን ቁጥር እንያዝ። ስሌቱ እንዲቀል ዶህ 240 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 240 ንዝረት ይሁን።

ዶና ሶል ሲገቡ 2 ለ 3 ናቸው። ሶል 360 ይሆናል። ከሶል ወደ ሬ ስትወርድ 4 ለ 3 ነው፤ ሬ 270። ከሬ ወደ ላ እንደገና 2 ለ 3፤ ላ 405። ከላ ወደ ሚ ስትወርድ 4 ለ 3፤ ሚ 303.75።

ቁጥሩን ተወውና ዶንና ሚን ብቻ አድምጥ። ጆሮህ የሚወደው 4 ለ 5 ነው። 240 ላይ ይሄ 300 ይሆናል። የአንተ ሚ ግን 303.75 ላይ ቆሟል። የዶ አምስት እጥፍ 1200 ነው። የአንተ ሚ አራት እጥፍ 1215 ነው። ልዩነቱ 15 ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 15 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ያ ነው የሰማኸው።

303.75ን ለ300 ስታካፍል 81 ለ 80 ይመጣል። ኮማው እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ምክንያት ቀላል ነው። የቃኘህባቸው አራቱ እርምጃዎች በ2 እና በ3 ብቻ የተሠሩ ናቸው። 3፣ 9፣ 27፣ 81። ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) መውረድና መውጣት ደግሞ በ2 ማባዛትና ማካፈል ነው። ጆሮህ የሚወደው ሚ ግን 5 አለበት። 80 የ5 ብዜት ነው፣ 81 አይደለም። 3ን እስከ ፈለግህ ድረስ በራሱ ብታባዛ ለ5 የሚካፈል ቁጥር ላይ አትደርስም። 80 እና 81 ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ ቤት አይኖሩም።

አሁን ያልከውን ዙር እንሂድበት። ሚን ወደ 300 አወረድከው፣ ከዶ ጋር ገባ። ላ 405 ላይ ስለቆመ በሚና በላ መካከል ያው 15 መንቀጥቀጥ መጣ። ላን 400 አደረግከው፣ ከሚ ጋር ገባ። ከሬ ጋር ግን በሰከንድ 10 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሬን ወደ 266.67 አወረድከው፣ ከላ ጋር ታረቀ። ከሶል ጋር 13 ያህል ሆነ። ጋቢ ሲያጥር እግርህን ስትሸፍን ራስህ ይገለጣል። ኮማው አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው።

ክራር_ከሽምብጥ | ማክሰኞ ማታ 4፡32

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዶን 240 ላይ አድርጌ በስልኬ ለካሁ። በጆሮ ብቻ ቃኝቼ ሚ 303.6 አካባቢ ወጣ። እርስዎ ክራሬን ሳያዩ ነው የጻፉት! እጄ ላይ ያለው ነገር ወረቀት ላይ ሲገኝ እንዲህ ዓይነት ስሜት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ታዲያ ኪቦርዱስ? ኪቦርዱ የትኛውን ሚ ይዞ ነው የፈረደብኝ?

ሐይቅ_ዳር_አንባቢ | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ይሄ የፓይታጎረስ ኮማ የሚሉት አይደል? አንድ ቦታ አንብቤ ነበር።

የፊዚክስ_መምህር | ረቡዕ ጠዋት 1፡48

@ሐይቅ_ዳር_አንባቢ ዘመድ ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ከዶ ወደ ሶል ያለው ርቀት አምስተኛ ይባላል። የፓይታጎረስ ኮማ የሚመጣው 12 አምስተኞች ደራርበህ ከ7 ኦክታቭ ጋር ስታስተያይ ነው። አምስት ክር ላይ እዚያ አትደርስም። ይሄኛው አራት እርምጃ ብቻ ይበቃዋል።

በሴንት ስንለካቸው የፓይታጎረሱ 23.46 ነው፣ ሲንቶኒኩ 21.51። ልዩነታቸው 1.95 ሴንት ነው፣ ሺስማ ይባላል። እሱን በክራር ላይ መስማት ይከብዳል።

ሴንት የሚባለውን መለኪያ ያወጣው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። ኦክታቭን 1200 ቦታ ይከፍለዋል። ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ 100 ሴንት ነው። ስለዚህ ኮማችን የዚያ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

@ክራር_ከሽምብጥ ኪቦርዱ ሦስተኛ ሚ ይዟል። ኦክታቭን 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ሚን 400 ሴንት ላይ ያስቀምጠዋል። የጆሮህ ሚ 386.3 ነው። በአምስተኛ የቃኘኸው 407.8። ኪቦርዱ መሀል ቆሟል። ዶ 240 ሲሆን የኪቦርዱ ሚ 302.38 ነው፤ በሰከንድ ዘጠኝ ተኩል ያህል ይንቀጠቀጣል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ለምደነዋል። ያን ምሽት አንተ 14 ሴንት ያህል ከሱ በታች ነበርክ። ኪቦርዲስቱ ልዩነት መስማቱ ልክ ነው። ስህተቱ ያንተ ነው ማለቱ ግን ልክ አልነበረም።

በገና_ተማሪ | ረቡዕ ጠዋት 3፡20

በገና እየተማርኩ ነው፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። መምህራችን እንዚራውን (ድምፁን የሚያርገበግበውን ቁራጭ ቆዳ) ከአውታሩ ሥር አውጥተን እንድንቃኝ ነው የሚያዘን። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። እንዚራው ካለ ድምፁ ስለሚርገበገብ ሁለት አውታር ሲጣላና ሲስማማ መለየት ያቅተኛል። ከወጣ በኋላ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ግን ቃኝቼ እንዚራውን ስመልሰው፣ ቅድም ትንሽ የነበረችው አለመግባባት የባሰች ይመስለኛል። ይሄ እውነት ነው ወይስ ለኔ ብቻ ነው?

የፊዚክስ_መምህር | ረቡዕ ጠዋት 3፡44

@በገና_ተማሪ እህቴ፣ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዚራው አውታሩን በየንዝረቱ እየነካ ከላይ ያሉትን እጥፎች ያጎላቸዋል። ያ የበገና ግርማ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኮማ የሚሰማው ደግሞ በእጥፎቹ ላይ ነው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው። እነሱ ከጎሉ ጠቡም ይጎላል። በዚያ ላይ የበገና ድምፅ ረጅም ነው፣ ክራር ቶሎ ይጠፋል። ቀስ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ነገር ለመስማት ድምፁ ትንሽ መቆየት አለበት።

የመዘምራን_አሰልጣኝ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡30

እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። በአራት ድምፅ የሚዘምር ቡድን አሠለጥናለሁ። መብራት ሲጠፋ ያለ ኪቦርድ እንለማመዳለን። አንድ መዝሙር አለን፣ አዝማቹ ላይ ኮርዶቹ (አብረው የሚዜሙት ድምፆች) ከዶ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ዶ ይዞራሉ። አምስት ጊዜ እንደጋግመዋለን። መብራት መጥቶ ኪቦርዱን ስነካ ሁልጊዜ ወርደን እናገኘዋለን። አንድ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ሙሉ ወርደን ነበር።

ልጆቹን ስንት ጊዜ ተቆጥቻቸዋለሁ! ትንፋሽ አትይዙም፣ ትተኛላችሁ እያልኩ። የሚገርመው በዚያ ቀን ኮርዶቹ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብለው ነበር የሚሰሙት። በጣም በተስማማንበት ቀን በጣም እንወርዳለን። ይሄ ነገር ከዚህ ኮማ ጋር ይገናኝ ይሆን?

የፊዚክስ_መምህር | ረቡዕ ማታ 1፡12

@የመዘምራን_አሰልጣኝ ይገናኛል እንጂ! ያቀረቡት ጥያቄ ከ450 ዓመት በፊት በጽሑፍ ተነስቷል። የቬኒስ ተወላጅ የሆነ ጆቫኒ ባቲስታ ቤኔዴቲ የሚባል የሂሳብ ሰው ለአንድ የዜማ ደራሲ፣ ለቺፕሪያኖ ዴ ሮሬ፣ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይሄንኑ አሳይቷል። ደብዳቤዎቹ እ.ኤ.አ. በ1585 ታትመዋል።

የእርስዎን ዙር በቁጥር ልሂድበት። ዶ 240 ነው። ወደ ላ ኮርድ ስትሄዱ ዶና ሚ የያዙት ልጆች ድምፃቸውን አይቀይሩም። ላ ከነሱ ጋር እንዲገባ 400 ይሆናል። ወደ ሬ ኮርድ ስትሄዱ ላ የያዙት አይነቃነቁም፤ ሬ ከ400 ጋር ሲገባ 266.67 ነው። ከዚያ ሶል ከዚህ ሬ ጋር ሲገባ 355.56። ዶ ከዚህ ሶል ጋር ሲገባ 237.04።

ከ240 ተነስታችሁ 237.04 ላይ ተመለሳችሁ። ማንም አልተሳሳተም። ሁሉም ጎረቤቱን ሰምቶ ነው የገባው። አንድ ዙር አንድ ኮማ ያስወርዳል። አምስት ዙር 107 ሴንት ተኩል ነው፣ ከግማሽ ድምፅ (100 ሴንት) ትንሽ ይበልጣል። እርስዎ ያገኙት ቁጥር ነው።

በእርግጥ ትንፋሽም ያስወርዳል፣ ድካምም ያስወርዳል። ግን ልጆቹን ጥርት ባለ ቀን አይቆጧቸው።

የመዘምራን_አሰልጣኝ | ረቡዕ ማታ 1፡25

መምህር፣ ዛሬ ማታ ልምምድ አለን። መጀመሪያ ይቅርታ ነው የምጠይቃቸው።

የዜማ_ወዳጅ | ሐሙስ ጠዋት 2፡05

ልጆች፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ስልክ ላይ መጻፍም ይከብደኛል፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የኛ ዜማ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የመጣ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን የተማረ ሰው ሄርዝ አልጠየቀም። የመምህሩን አፍ አይቶ ነው የተማረው። አሁን በግሪኮች ቁጥር መጥተን ይሄ ልክ ነው፣ ያ ስህተት ነው ካልን፣ የቀረችውንም ጣዕም እናጠፋታለን ብዬ እፈራለሁ።

የፊዚክስ_መምህር | ሐሙስ ጠዋት 2፡40

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ የኔም ፍርሃት ነው። ቅድም የጠቀስኩት ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 የብዙ ሕዝቦችን የድምፅ ቅኝት ለክቶ ጽፏል። የደረሰበት ነገር የእርስዎን ሐሳብ ያግዛል። ተፈጥሮ ለሰው ሁሉ የሰጠችው አንድ ቅኝት የለም፣ ቅኝቶች ብዙና የተለያዩ ናቸው ነው ያለው።

ቁጥሩን ያመጣሁት ለመፍረድ አይደለም። ይሄ ልጅ ጆሮውን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጆሮውን የተጠራጠረ ልጅ ነገ አረንጓዴ መብራት ብቻ አይቶ ይቃኛል።

መሰንቆ_በጎጃም | ሐሙስ ከሰዓት 9፡15

የጋሼን ሐሳብ ሳሰላስል ዋልኩና መሰንቆዬን አንስቼ ሜትር ያዝኩ። የኔ ጭራ ከላይ እስከ ታች የሚንቀጠቀጠው 50 ሳንቲሜትር ያህል ነው። መምህር በሰጡት ቁጥር አሰላሁት። ባዶው ዶ ከሆነ የጆሮው ሚ 40 ሳንቲሜትር ሲቀር ነው። በአምስተኛ የሚመጣው ሚ ደግሞ 39.5 ላይ። ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር! የትንሿ ጣቴ ጥፍር ግማሽ ነው።

ጣቴን እዚያች 5 ሚሊሜትር ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተትኩ ደጋኑን ሳብኩ። ያቺን ቦታ አውቃታለሁ። ትዝታ ላይ ቃሉ ሲከብድ ጣቴ ወደ 40ዋ ይወርዳል። ዘፈኑ ሲፈጥንና ሰው ሲያጨበጭብ ወደ 39.5 ይጠጋል። ማንም አላስተማረኝም፣ የታላላቆቼን ጣት እያየሁ የመጣ ነገር ነው። ጋሼ፣ ቁጥሩ ጣዕሙን አላጠፋብኝም። የት እንዳለ አሳየኝ።

እኛ ደግሞ ኮርድ አንመታም። አንድ ድምፅ ነው የምናዜመው፣ ከዘፋኙ ጋር እየተከተልን። ስለዚህ ኮማው ሳይጠራቀም እዚያው ይበተናል። መከራው ክሩ የማይነቃነቅበት ክራርና ኪቦርድ ላይ ነው።

ኪቦርድ_14 | ሐሙስ ማታ 3፡30

ማክሰኞ የጻፍኩትን ላርም። ኪቦርድ አይሳሳትም ብዬ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስገባ ሞከርኩት።

የኔ ኪቦርድ የእያንዳንዱን ኖታ ድምፅ በሴንት ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ቦታ አለው። ለአረብ ሙዚቃ ካልሆነ ማንም አይነካውም። እኔም በዘጠኝ ዓመት ገብቼበት አላውቅም። ሚን 14 አወረድኩ። ላን 16 አወረድኩ። ሶልን 2 ከፍ፣ ሬን 4 ከፍ አደረግኩ። የኦርጋን ድምፅ መረጥኩ፣ እሱ ስለማይጠፋ። ዶ ሚ ሶልን ያዝኩ።

ጸጥ አለ። ሌላ ቃል የለኝም። ኮርዱ መንቀጥቀጡን አቆመና እንደ ቆመ ውኃ ሆነ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነፋስ ሳይነሳ ጣናን ያየ ሰው ይገባዋል። ወደ ድሮው ስመልሰው ለዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት መንቀጥቀጥ ተሰማኝ። አሁን መስማቴን ማቆም አልቻልኩም።

ግን ሌላም ነገር አገኘሁ። በዚያው ቅኝት ሬንና ላን አብሬ ስይዝ ክፉኛ ጮኸ። ደግሞ ዘፋኙ ድምፁ ሳይመቸው ቀርቶ ከሌላ ዶ እንነሳ ቢለኝ ሁሉንም እንደገና ማስተካከል አለብኝ። መድረክ ላይ ያ አይሆንም።

@ክራር_ከሽምብጥ ያን ምሽት የነበርኩት እኔ አይደለሁም። ግን እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። ይቅርታ።

የፊዚክስ_መምህር | ሐሙስ ማታ 4፡02

@ኪቦርድ_14 ያገኘኸው ያ የሚጮህ አምስተኛ 680 ሴንት ነው። ንጹሑ 702 ያህል ነበር፣ አንድ ኮማ ጎደለው። የአውሮፓ ኦርጋን ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ጩኸታም አምስተኛ «ተኩላ» ይሉታል።

የእኩል ክፍፍሉም ጥቅም አንተ ያልከው ነው። ከየትኛውም ዶ ብትነሳ ያው ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ሌላ መላ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1523 ፒየትሮ አሮን የጻፈበት መንገድ ኮማውን ለአራቱ አምስተኞች እኩል ያካፍለዋል። እያንዳንዱ 5.4 ሴንት ያህል ይጠባል፣ ሚ ግን ንጹሕ ይሆናል። በ240 ዶ ላይ አራቱም ጥንዶች በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። በክራር ፍጥነት ያ ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ @ክራር_ከሽምብጥ ልመለስ። ኪቦርዱ ላይ የተገኘውን ልብ በለው። ዶ 240፣ ሚ 300፣ ሶል 360፣ ላ 400። እነዚህ አራቱ እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ ይግባባሉ፤ ሚና ላም ጭምር። ጠቡ በሙሉ የቀረው ሬ ላይ ነው። ሬ 270 ከሆነ የሶል ወዳጅ ነው። 266.67 ከሆነ የላ ወዳጅ ነው። በሁለቱ ሬዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ 81 ለ 80 ነው። ስለዚህ አምስቱን ክር እያዞርክ አትድከም። አንድ ክር ብቻ ነው መምረጥ ያለብህ።

ክራር_ከሽምብጥ | ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

ትናንትም ዛሬም ሌላ ነገር አልሠራሁም። ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጬ እንደገና ቃኘሁ፣ በሌላ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ዶ። ከዶ ሶል። ከዚያ ሚን በቀጥታ ከዶ ጋር። ላን ከሚ። መጨረሻ ሬን ከሶል። ሚ ሲገባ የተሰማኝን @ኪቦርድ_14 ጽፎታል፣ አልደግመውም።

ከዚያ የምጫወታቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ አየሁ፣ ሬና ላ አብረው የሚጮሁበትን ፍለጋ። ድርድር ስጫወት ክሮቹ ተራ በተራ ስለሚመቱ ምንም ችግር የለም፤ ሬ ሲመታ ላ ጠፍቷል። ችግሩ ግርፍ ላይ ነው፣ ክሮቹ አብረው ሲመቱ። ግርፍ ላይ ግን የማልፈልገውን ክር በግራ እጄ ጣት አፍናለሁ። አንድ ዘፈን ላይ ብቻ ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት ቦታ አገኘሁ። እዚያ ሬን ማፈን ጀመርኩ። መምህሬ ያን ቦታ ሁልጊዜ ሲያፍኑት አይ ነበር። ሲያደክመኝ እኔ ነኝ የተውኩት። ምክንያቱ ይሄ ነበር ማለት ነው።

ከኪቦርድ ጋር ስሆን ወደ ኪቦርዱ እሄዳለሁ፣ ተስማምቻለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን ይሄን ቅኝት አልለቅም።

መሰንቆ_በጎጃም | ቅዳሜ ጠዋት 4፡31

ወንድሜ፣ ቀድተህ ላክልን እንጂ። በወሬ ብቻ አንቅር።

ክራር_ከሽምብጥ | ቅዳሜ ጠዋት 4፡40

ማታ እቀዳለሁ፣ ጀልባው ጸጥ ሲል። ያንኑ ትዝታ ሁለት ጊዜ እጫወተዋለሁ። አንዱን ሬ ከሶል ጋር ታርቆ፣ ሌላውን ከላ ጋር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ጋሼም ይስሙትና የሚመርጡትን ይንገሩኝ።

የዜማ_ወዳጅ | ቅዳሜ ጠዋት 5፡02

ላክ ልጄ። የልጅ ልጄ የጆሮ ማዳመጫ ታመጣልኛለች።